አከራይ፣ ባለቤት፣ ባለይዞታ፦ ንብረት ያላቸውና ንብረት የሚያከራዩ ሰዎች የሚጠሩባቸው ቃላት

አማርኛ ንብረት ላለው ሰው ብዙ መጠሪያዎች አሉት። ባለቤት፣ ባለንብረት፣ ባለሀብት፣ ባለርስት፣ ባለይዞታ፣ ባላባት፣ አከራይ እንላለን። በዕለት ተዕለት ንግግር አንዱን በሌላው ቦታ እየተካን ስለምንጠቀምባቸው ሁሉም አንድ ፍች ያላቸው ይመስለናል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቃል በሰውየውና በንብረቱ መካከል ያለውን አንድ የተለየ ግንኙነት ያመለክታል። ቤት ያለው ሁሉ አከራይ አይደለም፤ ያከራየ ሁሉ የቤቱ ጌታ አይደለም፤ መሬት የያዘም ሁሉ የመሬት ባለቤት ነው አይባልም።

ተማሪዎች፣ ይህ ልዩነት ለሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የሚተው ነገር አይደለም። በሀዲያና በከምባታ ከገጠር ቀበሌ መጥተው በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾ ወይም በዶዮገና አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ብዙ ናቸው። ሰኞ ከቤታቸው ቆጮና ሌላ ስንቅ ይዘው ይመጣሉ፤ የሳምንቱ ትምህርት ሲያበቃ ወደ ወላጆቻቸው ይመለሳሉ። እነዚህ ተማሪዎች ገና በዐሥራ አምስትና በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው «ተከራይ» የሚለውን ስም ይይዛሉ። ገንዘባቸውን ለማን እንደ ሰጡ፣ ተቀባዩም በምን ሥልጣን እንደ ተቀበላቸው በትክክለኛ ቃል መናገርና መጻፍ ካልቻሉ ጉዳቱ የሚያርፈው በራሳቸው ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ በመጀመሪያ ቃላቱ እንዴት እንደ ተመሠረቱ፣ ቀጥሎ ፍቻቸው ከታሪክ ጋር እንዴት እንደ ተለወጠ፣ በመጨረሻም ዛሬ በጽሑፍ እንዴት ሊገቡ እንደሚገባ እንመለከታለን።

1. «ባለ» የሚለው ቃልና ከእሱ የተመሠረቱ ስሞች

«ባለ» ከግዕዝ «ባዕለ» የመጣ ሲሆን ፍቹ «የ… ጌታ»፣ «… ያለው» ማለት ነው። በአማርኛ የ«ዕ» ድምፅ ሲጠፋ «ባዕለ ጸጋ» ባለጸጋ፣ «ባዕለ ቤት» ባለቤት ሆነ። ይህ ቃል ከስም ፊት እየገባ አዲስ ስም ይመሠርታል። ለምሳሌ፦ ባለሱቅ፣ ባለጋሪ፣ ባለሙያ፣ ባለጉዳይ፣ ባለዕዳ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ባለ» የሚነግረን ሰውየው አንድ ነገር እንዳለው ብቻ ነው፤ እንዴት እንዳለው አይነግረንም። ባለሙያ ሙያውን አልገዛውም፤ ባለዕዳም ዕዳውን አይሸጠውም። በሆሳዕና ጎዳና ላይ «ባለባጃጁ» ብለን የምንጠራው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባጃጁን የሚነዳው ነው። ባጃጁ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ አሽከርካሪው በየቀኑ ማታ የተወሰነ ገቢ ለዚያ ሰው ያስረክብ ይሆናል። በሊብሬው ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው «ባለንብረት» ይባላል። እንግዲህ «ባለባጃጅ» የመንገድ ቃል ነው፤ «ባለንብረት» ደግሞ የሰነድ ቃል ነው። ሁለቱም ትክክለኛ አማርኛ ናቸው፤ ነገር ግን አደጋ ደርሶ ካሳ ሲጠየቅ አንዱ በሌላው ሊተካ አይችልም።

«ባለቤት» የሚለው ቃል ደግሞ ሦስት ፍቺዎች አሉት።

ሀ/ የአንድ ነገር ጌታ። ይህ ነገር ቤት ብቻ ሳይሆን መጽሐፍም፣ በሬም፣ ሐሳብም ሊሆን ይችላል። «የመጽሐፉ ባለቤት ማን ነው?» እንላለን።

ለ/ ባል ወይም ሚስት። «ባለቤቴ ታማለች» ሲባል የታመመችው ሚስት ናት።

ሐ/ በሰዋስው፣ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ድርጊቱን የሚፈጽመው ወይም ስለ እሱ የሚነገርለት ስም። ተሳቢ ከሚባለው ጋር ለይታችሁ ተምራችሁታል።

እነዚህ ሦስት ፍቺዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊገናኙ ይችላሉ። «ባለቤቱ ቤት የላትም» የሚለውን ተመልከቱ። ሚስቱ ቤት የላትም ማለት ነው፤ ነገር ግን ቃሉን በቁሙ የወሰደ ሰው ቤት የሌላት ባለቤት እንዴት ትኖራለች ብሎ ይደነግጣል። ስለዚህ ግልጽ ጽሑፍ የሚፈልግ ጸሐፊ የቤቱን ጌታ ሲጠቅስ «የቤቱ ባለቤት»፣ ሚስትን ወይም ባልን ሲጠቅስ «የትዳር ጓደኛ» ብሎ ይለያል።

«ባላባት» ደግሞ «ባለ» እና «አባት» ተጣምረው የፈጠሩት ስም ነው። በቁሙ «አባት ያለው» ማለት ሲሆን፣ የትውልድ ሐረጉ የታወቀ፣ ከአባቱ የወረሰው ያለው ሰው ለማለት ነው። «እመቤት» የሚለውም በግዕዝ «የቤት እናት» ማለት ነው። ጎረቤት ቋንቋ በሆነው በኦሮምኛም «አባ» አባትም ጌታም ማለት ሲሆን፣ የመሬት ባለቤት «አባ ለፋ» ይባላል። ከዚህ እንደምንረዳው በአገራችን ቋንቋዎች ንብረትንና ወላጅነትን በአንድ ቃል ማሰር የቆየ ልማድ ነው።

2. «አከራየ» እና «ተከራየ»

በአማርኛ አንዳንድ ግሶች በ«አ» ሲጀምሩ የሚሰጠውን፣ በ«ተ» ሲጀምሩ የሚቀበለውን ወገን ያመለክታሉ። «አበደረ» እና «ተበደረ»፣ «አዋሰ» እና «ተዋሰ»፣ «አከራየ» እና «ተከራየ» የዚህ ወገን ናቸው። ከእነዚህ ግሶች አድራጊን የሚያመለክቱ ስሞች ይወጣሉ፤ አበዳሪና ተበዳሪ፣ አከራይና ተከራይ። በመካከላቸው የሚያልፈው ዋጋ ኪራይ ይባላል። በዐረብኛም «ኪራእ» የሚል ቃል በዚሁ ፍች ይነገራል።

እንግዲህ «አከራይ» የሚለው ስም ከ«ባለቤት» በምን ይለያል? «ባለቤት» ያለውን ነገር ይናገራል፤ «አከራይ» የሠራውን ሥራ ይናገራል። አንዲት እናት ሦስት ክፍል ያለው ቤት ኖሯቸው ከልጆቻቸው ጋር ቢኖሩበት ባለቤት ናቸው፤ አከራይ አይደሉም። በግቢው ጀርባ ያለውን ሰርቪስ ቤት ለተማሪ ቢሰጡና በወር ዋጋ ቢቀበሉ ባለቤትም አከራይም ይሆናሉ። ተማሪው በፈንታው ያንኑ ክፍል ከፍሎ ለጓደኛው በኪራይ ቢሰጥ፣ ባለቤት ሳይሆን አከራይ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው በንግግር «ተከራይ አከራይ» ይባላል። አንድ ሰው ሁለቱን ተቃራኒ ስሞች በአንድ ጊዜ ሊሸከም የቻለው ስሞቹ የድርጊት ስሞች በመሆናቸው ነው።

በአጻጻፍ ጊዜ ስሕተት የሚበዛባቸውን ሦስት ነጥቦች ቀጥላችሁ ተመልከቱ።

ሀ/ «አከራየ» እና «አከራዬ»። የመጀመሪያው ግስ ነው፤ «ቤቱን አከራየ»። ሁለተኛው ስም ነው፤ «አከራዬ ደግ ሰው ናቸው»። ልዩነቱ በአንድ ፊደል፣ በ«የ» እና በ«ዬ» ብቻ ነው።

ለ/ «አከራዩ»። ይህ ቃል ስምም ግስም ሊሆን ይችላል። «አከራዩ ቤቱን ዘጋ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ስም ነው። «ወይዘሮዋ ቤቱን አከራዩ» በሚለው ግን የአክብሮት ግስ ነው። የሚለየን በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለው ቦታ ነው።

ሐ/ «ተማሪዋ ቤቱን ተከራየች» እና «ቤቱ ተከራየ»። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የሰዋስው ባለቤት ተማሪዋ ናት፤ «ቤቱን» በ«ን» የተመለከተ ተሳቢ ነው። በሁለተኛው ግን ቤቱ ራሱ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሆኖ ቁጭ ብሏል። ማን አከራየው? ማንስ ተከራየው? ዐረፍተ ነገሩ አይናገርም። በንግግር ይህ ነውር የለበትም፤ ቤት የሚፈልግ ሰው መጥቶ ሲጠይቅ «ተከራይቷል» ብሎ መመለስ ይበቃል። በውልና በማመልከቻ ግን ሰውን የሚደብቅ ዐረፍተ ነገር ጠብ ይወልዳል።

3. ታሪክ የተሸከሙ ቃላት

ከላይ ያየናቸው ቃላት በሁሉም ዘመን የሚሠሩ ናቸው። አሁን የምናያቸው ግን የአንድ ዘመን ሥርዓት የወለዳቸው ናቸው። እነሱን ለመረዳት ከከተማ ቤት ወጥተን ወደ ገጠር መሬት መሄድ ይኖርብናል፤ በአገራችን ለብዙ ዘመን ዋናው ንብረት መሬት ነበርና።

በቀድሞው ሥርዓት ሁለት ዐበይት የመሬት መብቶች ነበሩ። «ርስት» በዘር የሚወረስ የመሬት መብት ሲሆን ጌታው «ባለርስት» ይባል ነበር። «ጉልት» ደግሞ በአንድ አገር ላይ ከሚኖሩ ገበሬዎች ግብር የመሰብሰብ መብት ነበር፤ መብቱን ከመንግሥት ያገኘው ሰው «ባለጉልት» ይባል ነበር። ግብር የሚከፍለው ገበሬ «ገባር» ነው። ልብ በሉ፤ ባለጉልቱ መሬቱን አያርስም፤ መሬቱም በርስትነት የእሱ ላይሆን ይችላል፤ የእሱ የሆነው ከመሬቱ የሚወጣው ግብር ነው።

የሀዲያና የከምባታ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ሲገባ እነዚህ ቃላት ከነሥርዓታቸው አብረው ገቡ። ከዚያ በፊት የከምባታ ንጉሥ «ዎማ» በሚል ማዕርግ ይጠራ ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ግን የአገሬው አለቆች «ባላባት» ተባሉ። በሰሜኑ ክፍል «ባላባት» ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው የዘር ሐረግ ነው። በደቡብ ግን ቃሉ የሹመት ስም ሆነ፤ በመንግሥትና በሕዝቡ መካከል ቆሞ ግብር የሚያሰባስበውን የአገሬውን አለቃ ያመለክት ጀመር። በብዙ የደቡብ አገሮች መሬቱ በጋሻ ሲለካ ለባላባቱ ሲሶው እንዲቀርለት ይደረግ ነበር። ስለዚህ «ባላባት» የሚለውን ቃል በታሪክ ጽሑፍ ስታነቡ በመጀመሪያ የትኛው አገር እንደሚነገር ጠይቁ።

መሬት የሌለው ገበሬ የሌላውን ሰው መሬት እያረሰ ከምርቱ ይከፍል ነበር። ይህ ገበሬ «ጭሰኛ» ይባል ነበር። ቃሉ «ጭስ» ከሚለው ስምና ከ«ኛ» የተመሠረተ ነው፤ በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ እሳት የሚያነድ፣ ጭሱ የሚታይ ሰው ለማለት ነው። ከፍያው እንደ ስምምነቱ እኩሌታ፣ ሲሶ ወይም እርቦ ይሆን ነበር። «ሲሶ» ከሦስት አንድ እጅ፣ «እርቦ» ከአራት አንድ እጅ ነው።

አሁን «ተከራይ» እና «ጭሰኛ» የሚሉትን ቃላት አወዳድሩ። ሁለቱም በሌላ ሰው ንብረት የሚጠቀምን ሰው ይጠራሉ። ነገር ግን «ተከራይ» ከአንድ ስምምነት የተነሣ ስም ነው፤ ስምምነቱ ሲያበቃ ስሙም ያበቃል። «ጭሰኛ» ግን ሰውየውን ከነቤተሰቡ፣ ከነምድጃው የሚጠራ ስም ነበር፤ የኑሮው ደረጃ ማኅተም ሆኖ ለልጁም ይተርፍ ነበር። ዛሬ ሥርዓቱ ከጠፋ ከብዙ ዐሠርት ዓመታት በኋላ እንኳ ቃሉ እንደ ስድብ ሲወረወር የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። አንድን ቤት ተከራይ «ጭሰኛዬ» ብሎ የሚጠራ ሰው በአንዲት ቃል የኪራይን ውል ወደ ጌትነትና ሎሌነት ይለውጠዋል። ጠንቃቃ ተናጋሪ እንዲህ አያደርግም።

4. በ1967 ዓ.ም. የተለወጡ ቃላት

በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» የሚል መፈክር ይዘው በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጡ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ታወጀ። በዚህ አዋጅ የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ፈረሰ፤ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውም መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በዚያ ጊዜ በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው በከምባታና ሀዲያ አውራጃ ገባር፣ ጭሰኛ፣ ባለጉልት የሚሉት ቃላት ከኑሮ ወጥተው ወደ ታሪክ መጻሕፍት መግባት ጀመሩ።

ከዚያው ዓመት ሳይወጣ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት ተወለት፤ ለመኖሪያ የሚፈቀደውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ደነገገ። ከዚያ በላይ ያለው ቤት «ትርፍ ቤት» ተባለ። «ትርፍ» የሚለው ቃል ምን እንደ ሠራ አስተውሉ። በንግድ ቋንቋ ትርፍ የሚፈለግና የሚመሰገን ነገር ነው። በአዋጁ ግን ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ፣ ስለዚህም ሊወሰድ የሚገባው ማለት ሆነ። በተመሳሳይ ሁኔታ ትናንት «ባለቤት» ይባል የነበረው ሰው በአንድ ቀን «ባለ ትርፍ ቤት» ተባለ።

የተወረሱትም ቤቶች አዲስ ስሞች ወለዱ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ወይም በቀበሌዎች ሥር ገብተው «የቀበሌ ቤት» ተባሉ። ኪራያቸው ከዚያ በላይ የነበሩት በማዕከላዊ መንግሥት ሥር ሆነው «የኪራይ ቤቶች» የሚለውን ስም አገኙ። በመጀመሪያው ስም አከራዩ ተጠቅሷል፤ ቀበሌው ነው። በሁለተኛው ግን አከራዩ ጨርሶ አይታይም፤ ኪራዩ ብቻ ነው የሚታየው። ግለሰብ ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘትም ስለተከለከለ፣ «አከራይ» የሚለው ቃል ከሰው ስምነት ወደ መሥሪያ ቤት ስምነት ተዛወረ ማለት ይቻላል። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግለሰቦች ቤት ሠርተው ማከራየታቸው እንደገና የተለመደ ሥራ ሲሆን ቃሉ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ።

5. የዛሬዎቹ ቃላት

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ከዚህ የተነሣ ገበሬው መሬቱን ይጠቀምበታል፣ ለልጁም ያስተላልፈዋል፤ ነገር ግን በሕግ ቋንቋ «ባለመሬት» አይባልም። ስሙ «ባለይዞታ» ነው። በእጁ ያለውም ሰነድ «የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር» ይባላል። «ይዞታ» ከ«ያዘ» የወጣ ስም ነው። የያዘ ሰው ይጠቀማል፤ ሕግ በፈቀደለት መጠንም ለተወሰነ ጊዜ ያከራያል፤ አይሸጥም ግን። በከተማም ቦታ የሚሰጠው በሊዝ ሲሆን፣ ይህም ለተወሰኑ ዓመታት የሚሰጥ የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ በሆሳዕና ፎቅ የሠራ ሰው የፎቁ ባለቤት ነው፤ ፎቁ የቆመበት ቦታ ግን ይዞታው ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ሰው ለቤቱ አንድ ስም፣ ለመሬቱ ሌላ ስም አለው ማለት ነው።

የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ደግሞ ሌላ ቃል በብዛት ያስፈልጋቸዋል። እሱም «ወኪል» ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ከሆሳዕናና ከአካባቢው ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። ሠርተው በሚልኩት ገንዘብ በትውልድ ከተሞቻቸው ቤት ያሠራሉ። ባለቤቱ በደቡብ አፍሪካ ሱቅ ሲጠብቅ፣ ቤቱን በሆሳዕና የሚያከራየው ወንድሙ፣ እናቱ ወይም አጎቱ ነው። ተከራዩ በየወሩ የሚያየው ይህንን ሰው ነው፤ ስለዚህም «የቤቱ ባለቤት» ይለዋል። ይህ ስም በየወሩ ሲደጋገም፣ በደረሰኝም ላይ ሲጻፍ፣ ከዓመታት በኋላ ባለቤቱ ተመልሶ ሲመጣ ወይም ሲሞት ቤቱ የማን እንደሆነ ክርክር ሊነሣ ይችላል። ትክክለኛው አጠራር ቀላል ነው። የሄደው ሰው ባለቤት ነው፤ የቀረው ሰው ወኪል ነው፤ ወኪሉ ቤቱን ሲያከራይ በባለቤቱ ስም ያከራያል። ወኪል ለመሆንም ቃል ብቻ ሳይሆን የውክልና ሰነድ ያስፈልገዋል።

ከዚህ ሌላ ሁለት ቃላት አሉ። «ደላላ» አከራይንና ተከራይን የሚያገናኝ ሰው ነው፤ ቤቱ የእሱ አይደለም፤ ውሉም የእሱ አይደለም። ቁልፍ በእጁ ስለያዘ ብቻ አከራይ አይሆንም። ሁለተኛው «ኪራይ ሰብሳቢ» ነው። ይህ ቃል ከምጣኔ ሀብት ትምህርት ተተርጉሞ በተለይ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በፖለቲካ ንግግር የተስፋፋ ሲሆን፣ ምንም ነገር ሳያመርት በሥልጣን ወይም በቅርርብ ጥቅም የሚያገኝን ሰው ይነቅፋል። በቁሙ ሲታይ ግን ቃሉ በየወሩ የክፍሏን ኪራይ የምትቀበለውን መበለት የሚጠራ ይመስላል። እሷ ቤቷን ሠርታ፣ ጣሪያዋን ጠግና፣ በስምምነት የምታከራይ ናት። ስለዚህ ስለ እሷ ስትጽፉ «ኪራይ ተቀባይ» ወይም በቀላሉ «አከራይ» በሉ፤ የነቀፋውን ቃል ለነቀፋው ቦታ ተዉት።

6. ቃላቱን በጽሑፍ ስለ መጠቀም

«አከራይ» እና «ተከራይ» የሚሉት ቃላት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ የገቡ የታወቁ የውል ቃላት ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም በእነዚሁ ቃላት ይናገራል። ይህ አዋጅ ተግባራዊ በሚሆንባቸው ከተሞች የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። እንግዲህ በቃል ብቻ «እንተዋወቃለን» ተባብሎ መግባት የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ዘመኑ ጽሑፍን ይጠይቃል።

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አወዳድሩ።

ሀ/ «ቤቱ ከመስከረም 1 ጀምሮ ተከራይቷል፤ ገንዘቡም ተከፍሏል።»

ለ/ «እኔ አከራይ፣ የቤቱ ባለቤት የሆነው የወንድሜ ሕጋዊ ወኪል በመሆን፣ ከላይ የተጠቀሰውን አንድ ክፍል ቤት ከመስከረም 1 ጀምሮ ለተከራይ አከራይቻለሁ፤ የሁለት ወር ኪራይም ከተከራይ ተቀብያለሁ።»

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሁለት ግሶች አሉ፤ ሰው ግን የለም። የሰዋስው ባለቤቶቹ «ቤቱ» እና «ገንዘቡ» ናቸው። ነገ ጠብ ቢነሣ ቤቱም ገንዘቡም ሊመሰክሩ አይችሉም። በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር እያንዳንዱ ሰው በየስሙ ቆሟል፤ ባለቤቱ፣ ወኪሉ፣ ተከራዩ ተለይተዋል። ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ፣ በማን ስም የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ መልስ አግኝተዋል። ቃላቱ አልረቀቁም፤ ዐረፍተ ነገሩም አላጌጠም። ነገር ግን ከከምባታ ገጠር የመጣች አንዲት ተማሪ ይህን ወረቀት በደብተሯ መካከል ብታስቀምጥ፣ በፈተና ሰሞን «ውጪ» የሚላት ሰው ቢመጣ የምታሳየው ነገር ይኖራታል።

በአጭሩ፣ ባለቤት ያለው ነው፤ ባለይዞታ የያዘው ነው፤ አከራይ የሚያከራየው ነው፤ ወኪል በሌላው ስም የሚሠራው ነው፤ ደላላ የሚያገናኘው ነው። አንድ ሰው ከእነዚህ ስሞች ሁለቱን ወይም ሦስቱን ሊይዝ ይችላል፤ ስሞቹ ግን አንድ አይሆኑም። ስትናገሩም ሆነ ስትጽፉ «ይህ ሰው ለንብረቱ ምኑ ነው?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ቃሉን ምረጡ።

መልመጃ

1. «ባለ» የገባባቸው ዐሥር ስሞች ጻፉ። ከእነዚህ ውስጥ የሚሸጥ ነገር ጌትነትን የሚያመለክቱትንና የማያመለክቱትን ለዩ።

2. «አከራዩ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ በስምነት፣ አንድ ጊዜ በግስነት እያስገባችሁ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

3. በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ የሰዋስውን ባለቤትና ተሳቢውን ለዩ። ተሳቢ የሌለውን አመልክቱ።
ሀ/ መምህሩ በዱራሜ ቤት ተከራየ።
ለ/ ቤቱ ለመምህሩ ተከራየ።
ሐ/ ወይዘሮዋ ሰርቪሱን ለተማሪዎች አከራዩ።

4. «ጭሰኛ» እና «ተከራይ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ አንቀጽ ግለጹ።

5. በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ የቤት ባለቤት፣ ቤት የሚያከራይና ቤት የሚከራይ ሰው ምን ተብለው እንደሚጠሩ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ቃላቱ በቁማቸው ምን ማለት እንደሆኑ በአማርኛ አስረድታችሁ ለክፍል ጓደኞቻችሁ አቅርቡ።

6. አንድ ባለቤት በውጭ አገር ይኖራል፤ እናቱ በውክልና ቤቱን ያከራያሉ፤ ተከራዩ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው እንበል። ከስምንት መስመር ያልበለጠ የኪራይ ውል ጻፉ። በውሉ ውስጥ አድራጊው የማይታወቅ አንድም ግስ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።